በአንድ ግቢ ሁለት ሰሌዳ

ዊልማ ሃስኬት በዚያ ማክሰኞ ጠዋት አንዱን ፍሪጅ መልሳ መላልሳ ትወለውላለች። ፍሪጁ ንጹሕ ነው። ትናንትም ወልውላዋለች፣ ከትናንት ወዲያም። ግን እጇ ሥራ ከፈታ እግሯ ይነሣባታል፤ እግሯ ከተነሣ ደግሞ ወዴት ይዟት እንደሚሄድ ታውቀዋለች። ቀጥ ብሎ ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው ነው። እዚያ ላትሄድ ደግሞ ቃል ገብታለች። ለማን? ለገዛ ባሏ፣ ለላይል።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ካልደር ኦክላሆማ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ እንዲህ ያሉ ከተሞች ደግሞ የሚኖሩት በገበያቸው ነው። ሰው ካልሲም ይግዛ ሶፋ፣ ከዋጋው ላይ የምትነሣ ጥቂት ሳንቲም ለከተማው ትገባለች። በእሷ መንገዱ ይጠገናል፣ ፖሊሱ ደመወዙን ያገኛል፣ አምቡላንሱም ነዳጅ ይሞላል። ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በፊት መጋዘን የሚያህል መደብር ከአውራ ጎዳናው ማዶ ተከፈተ። ማዶው ከከተማው ወሰን ውጪ ስለሆነ የካልደር ታክስ አይደርስበትም። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወደዚያ ሄደ፣ የከተማው ካዝናም ነጠፈ። ምክር ቤቱ ቢያወጣ ቢያወርድ መላ አጣና፣ «የሽያጭ ታክሱ ላይ በየዶላሩ አንድ ሳንቲም ይጨመር፣ አለዚያ ሰኔ ሲያልቅ አምቡላንሱ ይሄዳል። እኛ አንወስንም፣ ሕዝቡ ድምፁን ይስጥ» አለ። ቀኑም ይህ ማክሰኞ ነው። ጎበዞች! ጣጣውን ሕዝቡ ላይ ጣሉና እነሱ ቤታቸው ገቡ።

የዊልማ ሱቅ በከተማው ጫፍ የመጨረሻው ነው። አባቷ ያቋቋመው ነው፤ እሷም በባዶ ካርቶኖቹ ጎጆ እየሠራች አድጋበታለች። ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሸጥበታል። ይሸጥበት ነበር ማለት ይሻላል። አሁንማ ሰው ይመጣል፤ በሩን ይከፍታል ይዘጋል፣ የማጠቢያውን ሆድ በእጁ ያሽከረክራል፣ «ሲሠራ ይጮሃል እንዴ? ስንት ዓመት ያገለግላል?» እያለ ሲያደርቃት ይውላል። ከዚያ «አስቤበት እመለሳለሁ» ይልና አስፋልቱን ይሻገራል። እሷ በመስኮቷ ቆማ፣ ዓይኗ እያየ፣ ያንኑ ዕቃ በፒክአፑ ጭኖ ይወጣል! በዚህ ላይ ሌላ ሳንቲም ሲጨመር ማን ወደ እሷ ይመጣል? ለዚህ ነው የከተማውን ነጋዴዎች አሰባስባ፣ አዳራሹ ውስጥ ቆማ «አይሆንም!» ያለችው። «አይሆንም» የሚል ቀይ ባጅ ሹራቧ ላይ የሰካችውም ለዚህ ነው።

ላይል ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያለ ደመወዝ እሳት ሲያጠፋ የኖረ ሰው ነው። ደወሉ ሲጮህ ከእራት ገበታ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ጊዜማ ከገዛ እህቱ ሠርግ ላይ ተነሥቶ ሮጧል። አሁን ዕድሜውም ልቡም እምቢ ብለውት ቢቀመጥም፣ የእሳት አደጋ ኮፍያውን ከራሱ አያወርድም። «አምቡላንሱ ከሄደ ካልደር ከተማ መሆኗ ቀረ» እያለ በየበሩ ሲያንኳኳ ነው የከረመው።

ግቢያቸውን ያየ ይስቅ ነበር። ከመንገዱ ወደ በራቸው የምትገባው መተላለፊያ ሣሩን ለሁለት ትከፍለዋለች። በግራ በኩል የላይል ቢጫ ሰሌዳ ቆሟል፦ «አዎ! አምቡላንሳችን አይሂድብን!» በቀኝ በኩል የዊልማ ቀይ ሰሌዳ፦ «አይሆንም! ታክስ በቃን!» ፖስተኛዋ ደብዳቤ ስታመጣ «ዛሬ በየትኛው አገር በኩል ልግባ? ቪዛ ይጠየቃል እንዴ?» ትላቸዋለች። ላይል ሣር ሲያጭድ የራሱን ወገን ብቻ አጭዶ ይገባል። ዊልማም የበቆሎ ዳቦ ስትጋግር «ለቢጫ ሰው የሚሆን የለንም» ትለዋለች፤ ትለዋለች እንጂ ትልቁን ቁራሽ የምትሰጠው ለእሱ ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚባለው ውሸት አይደለም፤ እነዚህ ሁለቱ የተቀዱት ከእልህ ባሕር ነው።

እሑድ ማታ ነው እንግዲህ ላይል ያቺን ነገር ያነሣት።

«ዊልማ፣ ለምን አናጣፋም?» አላት ሳህኑን ወደ ጎን እየገፋ።

ማጣፋት በካልደር የቆየ ልማድ ነው። ባልና ሚስት ሐሳባቸው ለየቅል ከሆነ፣ የአንዱ ድምፅ የሌላውን ስለሚያጠፋው፣ እጅ ለእጅ ይጨባበጡና ሁለቱም ቤታቸው ይውላሉ። ጠብ የለ፣ ወረፋ የለ።

«አንተ አዎ ትላለህ፣ እኔ አይሆንም እላለሁ» አለች ዊልማ እያሰበች።

«ታዲያስ! ተደምሮ ምን ይመጣል? ባዶ! እናትና አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጣፉ ነው የኖሩት። በምርጫ ቀን ባቄላቸውን ጥደው ቁጭ ነው።»

«አንተ ሰው፣ እንዳታጭበረብረኝ።»

«እኔ? በአርባ ዓመት ትዳር አጭበርብሬሽ አውቃለሁ?»

«በካርታ ሁልጊዜ።»

«ካርታ ሌላ ነው! ካርታን ከትዳር ጋር ምን አገናኘው?»

ሳቀችና እጇን ዘረጋችለት፣ ተጨባበጡ። በካልደር እጅ መጨባበጥ ከመሐላ አይተናነስም። በጨበጠው እጅ የዋሸ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጅ ይነሣል።

ይህ እሑድ ነበር። ዛሬ ማለዳ ግን ዊልማ ከላይል ቀድማ ነቃች። ላይል በጀርባው ተኝቷል። ትንፋሹ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ከዚያ ቆመ። እሷም የራሷን ትንፋሽ ይዛ ጠበቀች። ወዲያው አንኮራፋና ተገላበጠ። ምንም አልነበረም፤ ማንኮራፋት ነው። እሷ ግን መልሶ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ላይል በልቡ ሕመም የወደቀው በበረዶው ወራት ነው። እግር እንዳያንሸራትት ብሎ በረንዳው ላይ ጨው ሲበትን ዘጭ አለ። ዊልማ ስልኩን ገና ሳትዘጋ ነው የአምቡላንሱን ድምፅ የሰማችው። ጣቢያው ለቤታቸው እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ነዋ! ሐኪሙ በኋላ «ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። ያቺን ያልጨረሳትን ነገር ዊልማ ሌሊት ሌሊት ስትጨርሳት ከርማለች። ሰኔ አልቆ አምቡላንሱ ከሄደ፣ የሚመጣው ከአውራጃው ዋና ከተማ ነው። የጭነት ባቡር መንገዱን ካልዘጋው ግማሽ ሰዓት፤ ከዘጋው እግዜር ይወቅ። ላይል ደግሞ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቅ ልብ የለውም።

ዛሬ ማለዳ፣ እዚያው አልጋው ላይ፣ ቆረጠች። ሱቁ ይቅር። ሄጄ አዎ እላለሁ። የአደባባይዋ ዊልማ ቀይ ትሁን፤ ድምፅ መስጫው መጋረጃ ውስጥ የምትገባዋን ማን ያያታል? ላይል ቢሰማስ ምን ይላል? የከዳሁት ለራሱ ብዬ! እንዲህ ብላ ቆርጣ፣ ላይልን እንደተኛ ትታ፣ ገና በማለዳው ነው ከቤት የወጣችው።

መቁረጥ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሱቅ ገብታ መወልወያ አነሣች፣ ይኸው ትወለውላለች። የጨበጠችው ቀኝ እጇ ከበዳት። ተነሥታ ቁልፏን ትይዛለች፣ በሩ ድረስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ምድጃዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አሰለፈቻቸው። ደስ አላላትምና ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ወደ ጓዳ ገባች፤ ከውሃ ማሞቂያዎቹ ጀርባ ጠቅልላ የደበቀችውን ነገር በእግሯ ገፋ አድርጋ የባሰ ወደ ውስጥ ሸሸገችው። ያ ጥቅልል ቀይ የጨርቅ ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ወር በሩቅ ከተማ በድብቅ ያሠራችው፣ ማንም ያላየው። «ሱቁ ሊዘጋ ነው፣ ሁሉም ይሸጣል» ይላል። አሠራችው እንጂ ለመስቀል ወኔ አጣች።

ስልኩ ጮኸ። ላይል ነው።

«ሱቅ ነሽ?»

«የት ልሁን ታዲያ?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ሰው አለ?»

«አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር። አስቤበት እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ።» ከዚያ ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ «አንተስ የት ነህ?» አለችው።

«ቤት ነኝ። ባቄላውን ጥጄዋለሁ። ዊልማ…»

«ምን?»

«ምንም። ጨው እንዳላበዛ ብዬ ነው።»

ስልኩን ዘጋች። ምስኪን! እሱ ቃሉን ጠብቆ ባቄላ ያማስላል፣ እሷ እዚህ ክህደት ታሰላስላለች። ቢሆንም ከምሳ በኋላ መቆም መቀመጥ ሲያቅታት፣ «አሁን እመለሳለሁ» የምትለውን ካርቶን በሩ ላይ ሰቅላ ወጣች።

በካልደር ድምፅ የሚሰጠው እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ሌላ ሰፊ ቤት የለማ። የድምፅ መስጫ መጋረጃዎቹ እንዲቆሙ አምቡላንሱን ወደ ደጅ አውጥተውት ነበር። የጣቢያው አለቃ ሮስኮ፣ ላይል ያሠለጠነው ጎረምሳ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ጎማውን ያጥባል። ዊልማን ሲያያት ቀና አለ። በየአዳራሹ ስትሟገተው የከረመች ሴት ናት፤ ዞር ቢልባት አይፈረድበትም።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ዊልማ» አላት ግን። «ላይል እንዴት ነው? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል?»

«ይወስዳል።»

«አይመኑት። ከምላሱ ሥር ደብቆ ይተፋዋል። እኔም አንድ ቀን ሲተፋው ይዤዋለሁ።» ፈገግ ብሎ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ዊልማ መሬት ብትዋጣት ደስ ባላት። ሰውየውን እንጀራውን ልታሳጣው ከርማለች፣ እሱ የባሏን ኪኒን ይጠይቃታል! ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን እክስሃለሁ አለች በልቧና ገባች።

በሩ ላይ አስመራጯ በርኒስ ተቀምጣለች። በርኒስ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከዊልማ አጠገብ የምትቆም፣ ደግ፣ ወሬ ግን አፏ ውስጥ የማያድርላት ሴት ናት።

«ኧረ ዊልማ! ባጁን አውልቂ፣ ባጁን!» አለች ገና ከሩቁ። «ቅስቀሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሕግ ሕግ ነው፤ ጓደኛዬም ብትሆኚ አልምርሽም።»

ዊልማ ቀዩን ባጅ ነቅላ ኪሷ ከተተችው። ቀለል አላት። በርኒስ የድምፅ መስጫውን ወረቀት እየሰጠቻት፣ «በይ ደግ ነው፣ ዛሬ የሃስኬት ቤት ተጠናቆ መጣ» አለች። «ላይልማ ገና በሩን ሳልከፍት ነው ደጃፍ ቆሞ ያገኘሁት። ሌሊቱን እዚሁ ያደረ ነው የሚመስለው!»

«ማን?»

«ላይል ነዋ። ባልሽ። ስንት ላይል አለሽ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በርኒስም ምን እንዳመለጣት ሳታውቅ ለሚቀጥለው ሰው ወረቀት መቁረጥ ያዘች። ዊልማ መጋረጃው ውስጥ እንዴት እንደገባች አታውቀውም።

ላይል! እጄን ጨብጦ! በገዛ ገበታዬ ላይ፣ በዳቦዬ ላይ! ቤት ነኝ፣ ባቄላ ጥጃለሁ፣ ጨው እንዳላበዛ! እኔ እዚህ ስለ እሱ ስጨነቅ፣ የአባቴን ሱቅ ላሳርድለት ስመጣ፣ እሱ እኔ ከቤት እስክወጣ ጠብቆ አጭበረበረኝ። ለካ ማጣፋቱንም ያመጣት ሆን ብሎ ነው! እኔን ቤት አስቀምጦ የሱን አንድ ድምፅ ሊያስገባ! ካርታ ሌላ ነው አለኝ፤ ውሸታም! ሁሉም ካርታ ነው!

ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። እንባዋ ዓይኗን ቢሞላውም የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጠፋትም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ዊልማ ሃስኬት ምላጩን ዋጠች። «አይሆንም» የሚለውን ሳጥን ጥቁር አድርጋ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ሞላችው። ከመጋረጃው ወጥታ ለማሽኑ ሰጠችው፣ ማሽኑም ሳብ አድርጎ ዋጠው። በርኒስ «ድምፄን ሰጥቻለሁ» የምትለውን ክብ ወረቀት ደረቷ ላይ ለጠፈችላት።

ደጅ ስትወጣ አምቡላንሱ እዚያው ቆሟል። ሮስኮ የኋላ በሩን ከፍቶ አልጋውን ያጥፋል። ያ አልጋ ነው። ያን ቀን ላይልን ያነሡበት፣ አንድ እጁ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ የነበረው፣ እሷም እጁን ይዛ እየሮጠች የተከተለችው። የእልሁ እሳት በአንዴ ወረደና አመድ ሆነ። ወይኔ! ምን አደረግኩ?

ተመልሳ ገባች።

«በርኒስ፣ ያን ወረቀት መልሺልኝ።»

«የቱን ወረቀት?»

«የኔን። ተሳስቻለሁ። ሌላ ስጪኝ።»

በርኒስ እየቀለደች መስሏት ሳቀች፤ ፊቷን ስታይ ሳቋን ተወችው። «ዊልማ ማሬ፣ ገብቷል እኮ። ማሽን የበላውን አይተፋም።»

ከዚያ ወዲያ ሱቁን ከፍታ መዋሏን እንጂ ምን እንዳደረገች አታስታውስም። አንድ ድምፅ ምን ያመጣል፣ ሰዉ ሁሉ አዎ ብሎ ይሆናል እያለች ራሷን ስታባብል ዋለች። የሱቁን ወለል ጠረገች፣ የጠረገችውን ደግማ ጠረገች። ከተማውን ሙሉ ስትቀሰቅስ የከረመች ሴት፣ የቀሰቀሰችው ሰው ሁሉ ምክሯን ባይሰማ ብላ ስትጸልይ ዋለች።

ማታ እራት ላይ ባቄላው ጨው በዝቶበታል። ላይል ጨው ስለበዛበት አልተነፈሰም፣ እሷም አልተነፈሰችም። እሱ ኮፍያውን እንዳደረገ ነው፤ እሷ ክቧን ወረቀት ከደረቷ ልጣ ጥላዋለች። ላይል ማንኪያውን ያነሣና ያወርዳል፣ በመስኮት ያያል፣ ይነሣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሳይጠጣው ይቀመጣል። ዊልማ እያየችው «ይጨነቅ፣ ይገባዋል» ትላለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ ልቡ እንዳይደክምበት ትፈራለች።

ፀሐይ ገና ሙሉ በሙሉ ሳትገባ ሮስኮ ደወለ። ላይል ስልኩን ቆሞ ሰማው።

«እሺ» አለ። «እሺ ልጄ። አይዞህ። አይ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም።» ስልኩን አስቀምጦ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። «ወደቀ» አላት። «በሁለት ድምፅ። አይሆንም ያሉት በሁለት በለጡ።»

ዊልማ በእጇ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀኑን ሙሉ ያመቀችው ነገር ገነፈለ።

«ታዲያ ምን ጠቀመህ? ንገረኝ! እጄን ጨብጠህ፣ ዓይኔን እያየህ ዋሽተህ፣ ማልደህ ሄደህ ያቺን አዎህን አስገብተህ ምን ጠቀመህ? በርኒስ ነግራኛለች!»

ላይል ቀና ብሎ አያት። ኮፍያውን አወለቀ። ክቧ «ድምፄን ሰጥቻለሁ» በኮፍያው ውስጥ፣ በግንባሩ በኩል ተለጥፋለች። ጠዋት እዚያ የደበቃት ነው።

«አዎ አላልኩም» አለ።

«ምን?»

«አይሆንም ነው ያልኩት። ባለፈው ሳምንት የውሃ ማሞቂያ ላነሣልሽ ጓዳ ስገባ ያን ቀይ ጨርቅ አየሁት። ሱቁ ሊዘጋ ነው የሚለውን። ለኔ እንኳ ሳትነግሪኝ! መልሼ ጠቀለልኩትና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሠላሳ ዓመት ለከተማው ሮጬያለሁ፣ ላንቺ አንድ ቀን ብሮጥ ምን አለበት አልኩ። ሰው ፊት አዎ አዎ ስል ከርሜ እንዴት አይሆንም ልበል? ስለዚህ አንቺ ቤት እንድትቀሪ፣ እኔ ደግሞ ማንም ሳያየኝ… እኔ እንደሆንኩ ልቤ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም። ያ ሱቅ ግን የአባትሽ ነው።»

ዊልማ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንቺስ?» አላት ላይል። «በርኒስ የነገረችሽ የት ሆነሽ ነው?»

«እዚያው ነዋ።»

«ለምን ሄድሽ?»

«አዎ ልል ነበር የሄድኩት።» አሁን አለቀሰች። «ላንተ ብዬ! ትንፋሽህ ሲቆም ሰምቼ! ከዚያ በርኒስ አንተ እንደመጣህ ስትነግረኝ ተናደድኩ… በእልህ… አይሆንም አልኩ።»

ላይል ካርታ የለመደ ሰው ስለሆነ ሒሳቡ ወዲያው ገባው። በሁለት ድምፅ ወደቀ፤ ሁለቱም ድምፆች ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው።

«እኔ ቃሌን ጠብቄ እዚህ ቁጭ ብዬ ቢሆን» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንቺ ደግሞ እንዳሰብሽው ከድተሽኝ አዎ ብትዪ፣ ታክሱ በአንድ ድምፅ ያልፍ ነበር።»

«ዝም በል!»

«ልክ እኮ ነው የምልሽ።»

«ልክ መሆንህን አውቃለሁ! ለዚህ ነው ዝም በል የምልህ!»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። አሳዛኝ ሳቅ ነው፤ መሐል ላይ ደረቱን ሲይዝ ዊልማ ከወንበሯ ዘልላ ተነሣች። «ምንም አይደለም፣ ባቄላው ነው» አላት። እሷ ግን እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ ልቡ ከእጇ በታች ስትመታ እየሰማች፣ ለረጅም ጊዜ አልተቀመጠችም።

በማግስቱ ጠዋት ላይል ሲነቃ ዊልማ አልጋው ላይ የለችም። ፒክአፑን አስነሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ከሩቁ አያት፤ መሰላል ላይ ወጥታ፣ መዶሻ ይዛ፣ ምስማሮቹን በከንፈሯ ነክሳ። ያ ቀይ ጨርቅ በሱቁ ግንባር ላይ በአንድ ጫፉ ተሰቅሏል፤ ሌላው ጫፍ ነፋስ ይዞት ይውለበለባል።

አንድ ሰውዬ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ አንገቱን አወጣ። ትናንት አስቤበት እመለሳለሁ ያላት ያ ሰውዬ ነው።

«ዊልማ! ምን ሆንሽ? አሸነፍሽ እኮ! ታክሱ ወደቀ፣ አንቺ ደግሞ ሱቅ ትዘጊያለሽ?»

ምስማሮቹን ከከንፈሯ አወጣች። «አዎ» አለችው። «አሸነፍኩ።» ሰውየው ግራ ገብቶት መኪናውን አስነሣና ሄደ።

ላይል ከመሰላሉ ሥር ቆመ። «ውረጂ። ምን እየሠራሽ ነው?»

«ዕቃው ይሸጣል፣ ሕንፃውም ይሸጣል። አምቡላንሱ ሳይሄድ እኛ ወደ አውራጃው ከተማ እንሄዳለን። ሆስፒታሉ አጠገብ፣ ሁለት ክፍል ቤት። ጠዋት በስልክ ጠይቄያለሁ፣ አለ።»

«እብድ ነሽ! የተወለድሽበትን ቦታ?»

«ግማሽ ሰዓት የሚጠብቅ ልብ የለህም።»

«ዊልማ፣ ስሚኝ» አለ ላይል። «እኔ ያን ድምፅ የሰጠሁት እኮ ይሄ ሱቅ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። እኔ ነኝ እንግዲህ የዘጋሁት።»

ዊልማ ከላይ ሆና አየችው። ኮፍያውን አላደረገም፤ ጸጉሩ ለሠላሳ ዓመት ኮፍያ ሥር እንደኖረ ጸጉር ተለጥፏል። ብትቆጣው ደስ ባላት፣ ቁጣ ግን አልቆባታል።

«አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሁለታችን ነን» አለችው። «አሁን መሰላሉን ያዝልኝ።»

ላይል መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ። ዊልማ የጨርቁን ሌላ ጫፍ ከነፋሱ ቀምታ ምስማሩን መታችው።